ሞጣ ላይ የዞረው አውሮፕላን

ዛሬ ቢቸና ውስጥ ሲወራ ብትሰሙ፣ ይግዛውን ያላፈቀረች ሴት አልነበረችም። የአንዷ አክስት ታጭታለት ነበር፣ የሌላዋ እናት ገበያ ላይ ዓይኑን ጥሎባት ነበር። ወሬው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ግን በሞጣዋ መምህርት ላይ ነው። «የእሱ ፍቅር እሷ ነበረች፤ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር፤ የተማረች ናት፣ ትመጥነው ነበር» ይላሉ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ባለፈው ክረምት ለቅሶ ቤት ተቀምጬ «እኔም አውቀው ነበር» ብል፣ አንዲት ትናንት የተወለደች ልጅ «እትዬ ፈንታዬ፣ እርስዎ እኮ ማንበብ አይችሉም» ብላ አሳቀችብኝ። ማንበብ የማይችል ሰው ልብ የለውም ያላት ማን እንደሆነ እንጃ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን አልደብቅም። እሱ የወደደኝ ግን ፊደል ቆጥሬ አይደለም። እንግዲህ እኔ እናገራለሁ፣ የእህቴ ልጅ ትጽፋለች። ያልጣመው ጆሮውን ይያዝ።

አባቴ ደምለው ሸማኔ ነበር። ሸማኔ መሆን በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበረ ልንገራችሁ። ያለበስናቸው ሰዎች ኩታውን ይቀበሉናል፣ እጃችንን ግን አይጨብጡም። ልጃቸውን ሆዱን ከቆረጠው የኛ ዓይን ነው የበላው። ይግዛው ደግሞ የእትዬ ይርጋነሽ ልጅ ነው። የቆርቆሮ ቤት፣ በጌጠኛ የኮርቻ ልብስ፣ በመረሻት ያሸበረቀች በቅሎ፣ ከከተማ ወጥቶ እስከ ወንዙ የሚደርስ ርስት። የእንዲህ ያለ ቤት ልጅ ከሸማኔ ልጅ ጋር ዓይን ለዓይን ሲገጥም ፊቱን ያዞራል። ይግዛው አላዞረም። የእናቱን ኩታ ሊወስድ ተልኮ መጥቶ፣ እኔ በረንዳው ላይ ስፈትል ቆሞ አየኝ።

«ክሩ አይበጠስብሽም?» አለኝ።

«የሚበጠሰው ቆሞ የሚያይ ሲበዛ ነው» አልኩት።

ሳቀ። በሚቀጥለው ሳምንት ምንም ኩታ ሳያዝዝ መጣ። አባቴ ከሸማኔ ጉድጓዱ ቀና ብሎ አየውና መልሶ መወርወሪያውን ላከ፤ ዝም ማለቱ ፍርሃት ይሁን ፈቃድ እስካሁን አላወቅኩም። እኔ የማውቀው፣ ያን ቀን የፈተልኩት ሁሉ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ሆኖ መውጣቱን ነው።

ይግዛው ሞጣ አንድ ዓመት አስተማረ። ከዚያ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ገባ ተባለ። በምሥራቅ በሶማሌ ጠረፍ በኩል ጦርነት ሸትቶ፣ አዲስ የገቡትን ልጆች በጥድፊያ የሚያስተምሩበት ጊዜ ነበር። ለጥምቀት ፈቃድ አግኝቶ መጣ። ታቦቱ ከወንዝ ሲመለስ ከሕዝቡ ተነጥሎ፣ ከቤታችን ጀርባ፣ ያጠብኩትን ክር ያሰጣሁበት ሜዳ ላይ አገኘኝ። የደንብ ልብሱ ወገቡን አሳምሮታል። ይህን አልነገርኩትም።

«አውሮፕላኑን የምትነዳው አንተ ነህ?» አልኩት።

«አይደለሁም። እኔ የምማረው መንገድ መሪነት ነው፤ ናቪጌተር ይሉናል። አብራሪው ከፊት ሆኖ ይነዳል። እኔ ከኋላው ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግቼ ሰዓት እይዛለሁ። በዚህ ፍጥነት ይህን ያህል ደቂቃ ከሄድን አሁን እዚህ ነን፣ አሁን ታጠፍ እለዋለሁ።»

«መሬቱን እያየህ?»

«ደመና ከሆነ ሳላየው።»

«ሳታይ እዚህ ነን የምትል ከሆነ ውሸታም ነህ።»

«ደብረ ዘይት ሆኜ አንቺ አሁን የት እንዳለሽ አውቅ የለም እንዴ? ጠዋት በረንዳው ላይ፣ ከሰዓት እዚህ ሜዳ ላይ። መቼ ተሳሳትኩ?»

ይህን ሲለኝ ፊቴን ወደ ክሩ አዞርኩ፤ ሰው ደስታውን ሁሉ ማሳየት የለበትም። እሱም የወደቀ ክር ሊያነሳልኝ ሲያጎነብስ ከኪሱ ፖስታ ወደቀ። አንስቶ ሊመልሰው ሲል እጁን ያዝኩት።

«የማን ነው?»

«የአምሳለች። ሞጣ አብረን ያስተማርን መምህርት ናት።»

«ምን ትላለች?»

«ሰላምታ ናት።»

«ለሰላምታ ነው ይህ ሁሉ ውፍረት?»

«ፈንታዬ፣ ላንቺም እጽፍልሽ ነበር። ግን የሚያነብልሽ ማነው? መሪጌታ ገብረ ሕይወት ናቸው። እሳቸው ካነበቡት ደጅ የተቀመጠ ባለ ጉዳይ ሁሉ ይሰማል። ማታውኑ እናቴ ጆሮ ይገባል። የእናቴን ልብ እስካለዝብ ድረስ ዝም ብንል ይሻላል።»

እውነቱን ነው። እውነት ባይሆን ኖሮ ያን ያህል ባልተናደድኩ። እኔን በዝምታ ይወደኛል፣ ለእሷ ግን ወረቀት ሙሉ ያወራል። ያቺን ሴት አይቻት አላውቅም፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግን ስፈትልም ስበላም አጠገቤ ተቀመጠች። እጇን አሰብኩት፤ ንጹሕ፣ ጥፍሩ ያላለቀ፣ ብዕር የያዘ እጅ። የኔን አየሁት።

መኮሳተሬን ሲያይ ሊያባብለኝ ፈለገ። «ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ያለው የመጨረሻው ሐሙስ፣ የልምምድ በረራችን በዚህ በኩል ነው» አለኝ። «ዓባይ ድልድይን፣ ደጀንን፣ ከዚያ ቢቸናን ይዘን ወደ ሰሜን። ረፋድ ላይ ይህ ሜዳ ላይ ነጭ ነገር አንጥፊልኝ። ከላይ ሆኜ አይሻለሁ።»

«ካየኸኝ በምን አውቃለሁ?»

«ታውቂያለሽ» አለኝ። ይቺን አንዲት ቃል ይዤ አርባ ቀን ኖርኩ።

ሐሙስ ሲደርስ አባቴ ለደንበኛ ሠርቶ የጨረሰውን ጋቢ ከሳጥን አወጣሁ። ገና ያልታጠበ፣ እንደ ወተት የነጣ። ሜዳው ላይ ዘርግቼ አራቱን ጫፍ በድንጋይ ያዝኩትና አጠገቡ ቆምኩ። ረፋድ ላይ ከደጀን በኩል ድምፁ መጣ። ወዲያው ራሱ መጣ፤ ሁለት ሞተር ያለው፣ ሆዱ ብር የመሰለ። ጎረቤቶቻችን አንዱ ወደ ቤት፣ አንዱ ወደ ውጭ ይሮጣል። እኔ ሁለት እጄን አነሳሁ። ያዘነብላል ስል አላዘነበለም። ይዞራል ስል አልዞረም። በራሴ ላይ እንደ ተላከ ሰው ቀጥ ብሎ አልፎ ወደ ሰሜን ሄደ። እጄን ያወረድኩት ድምፁ ከጠፋ በኋላ ነው። ጋቢው ላይ የሰው ከብት ወጥቶበት ኖሮ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። አባቴ ሲቆጣኝ ጋቢውን ይዤ ወደ ወንዝ ወረድኩ።

ማለፉ ብቻ ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ግን ሹፌሩ ገላው፣ ከደጀን ሞጣ እህል የሚያመላልሰው፣ ሰው ሰብስቦ ያወራል።

«ሞጣ ላይ ሁለት ጊዜ ዞረላቸው» ይላል። «በትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ዝቅ ብሎ፣ ክንፉን አዘንብሎ፣ ሁለት ጊዜ። ተማሪው ሁሉ ‹መምህራችን ይግዛው ነው› እያለ ግቢውን ሞላው። መምህርት አምሳለች ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውልቃ ስታውለበልብ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ቢቸና ላይስ?» አለው አንዱ።

«ቢቸና ላይ ከእናቱ በቀር ምን አለውና?» አለ ገላው፤ ሰዎቹም ሳቁ። እኔ ቆሜ ነው የሚስቁት።

ቅናት ሆድ ውስጥ ነው የሚሉ ሰዎች ቀንተው አያውቁም። ቅናት እግር ላይ ነው። እግሬ እኔን ሳይጠይቅ ፍርድ ቤቱ ጥግ፣ መሪጌታ ማመልከቻ ከሚጽፉበት ዛፍ ሥር ወሰደኝ። ባለ ጉዳዩ ይስማ፣ እትዬ ይርጋነሽም ይስሙ፣ ግዴለኝም አልኩ።

«ለማን ነው የምጽፈው፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ለይግዛው።»

ብዕራቸውን ከቀለሙ አወጡና ዓይናቸውን ወደኔ ከፍ አደረጉ። «የእትዬ ይርጋነሽ?»

«የእሳቸው።»

«እሺ። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል ብዬ ልጀምር።»

«አይጀምሩ፣ የኔታ። ጤናውን አልጠየቅኩም።»

«ልጄ፣ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይሄድም።»

«ይሄኛው ይሄዳል። እንዲህ ይበሉ። ሞጣ ላይ ዙር። ካሁን በኋላ ቢቸና ላይ አትለፍ። ያነጠፍኩልህን ጋቢ ጭቃውን አጥቤ ለባለቤቱ ሰጥቻለሁ። ፊደል ለምታውቀው ጻፍላት፤ እኔን ርሳኝ፣ እኔም ረስቼሃለሁ።»

መሪጌታ ጽፈው ሲጨርሱ ወረቀቱን ወዲያው አልሰጡኝም። «ትንሽ ቀን ይደርበት» አሉኝ በለሆሳስ። ከእጃቸው ወስጄ ፖስታ ቤት አስገባሁት። ስመለስ ቀለል ያለኝ መስሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ እንዝርቱን ስይዝ፣ ያች የመጨረሻዋ ቃል ውሸት መሆኗን ከኔ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ገባኝ።

ጾሙ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ከእትዬ ይርጋነሽ ቤት ጩኸት ሰማሁ። መርዶ በንጋት ነው የሚነገረው። ሁለት የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች ደጀን አድረው መጥተዋል። ልጆቹን ለልምምድ ይዞ የወጣው አውሮፕላን ደመና ውስጥ ገብቶ ከተራራ ተጋጭቷል። ስምንት ሰው፤ የተረፈ የለም። ሬሳው እዚያው ተቀብሯል፤ ወደ ቢቸና የመጣው መለዮውና ፎቶግራፉ ነው።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶው ሜዳ ላይ ወጣ። በቅሎዋን ጭነው ፎቶግራፉን ኮርቻ ላይ አስረው ያዞሯታል፤ አስለቃሿ ግጥም ትሰጣለች፣ ሰው ይቀበላል። እኔ ከሸማኔዎቹ ጋር ዳር ላይ ነኝ። ረፋድ ላይ የገላው መኪና መጣና አንዲት ሴት ወረደች። ነጠላዋን እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቃ ለብሳለች፣ ቀጭን ናት፣ መነጽር አድርጋለች። ማንም ሳይነግረኝ አወቅኋት። እትዬ ይርጋነሽ ከዳሱ ወጥተው አቀፏት። «ምራቴ ትሆኝ የነበርሽው» ብለው ጮኹ፣ አጠገባቸው አስቀመጧት፣ መለዮውን አንስተው ጭኗ ላይ አኖሩት።

እኔም አልቻልኩም፤ ሰዉን ገፍቼ ወደ ዳሱ ሄድኩ። እትዬ ይርጋነሽ አዩኝ። የደብዳቤዬ ወሬ ደርሷቸዋል።

«ይቺ የሸማኔ ልጅ ደግሞ ምን ልታይ መጣች?» አሉ። «ዓይኗ ያልጠገበው ምን ቀረ?»

ሰዉ ወደ ኋላ አፈገፈገልኝ፤ እንዳልነካው ፈርቶ ነው። በሞተ ሰው ይቀናል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ይቀናል። ያን ቀን እኔ የቀናሁት በመለዮው ነበር፤ እሷ ስትነካው፣ እኔ ሳልነካው።

ከዳሱ ጀርባ ሄጄ ከአጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። ከመርዶ ነጋሪዎቹ አንዱ፣ ያየህ የሚባል፣ ከይግዛው ጋር አብሮ የሚማር ልጅ፣ እዚያ ብቻውን ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል። ለምን እንደጠየቅኩት አላውቅም፤ ቁስሌን ልነካው ፈልጌ ይሆናል።

«ወንድሜ፣ ያን ሐሙስ ሞጣ ላይ ለምን ዞራችሁ?»

«ሞጣማ መታጠፊያችን ነው» አለኝ። «በካርታችን ላይ የተሰጠን ነው። ሁላችንም እዚያ ደርሰን ነው የምንመለሰው። ሁለት ጊዜ የዞርነው ግን በይግዛው ጥፋት ነው።»

«እንዴት?»

«ተራው የእሱ ነበር። ቢቸና ላይ ስንደርስ ሰዓቱን መጻፍ ነበረበት። ረስቶ መስኮት ላይ ተለጠፈ። ‹አየኋት፣ አየኋት› ይላል። አስተማሪያችን ማንን ነው ቢለው ‹ነጭ ነገር› አለ። ሰዓቱን ስላልያዘ ሞጣ ላይ ስንደርስ የት እንዳለን መናገር አቃተው። ዝቅ ብለን ከተማዋን እስክንለይ ሁለት ጊዜ ዞርን። ሦስት ቀን ከግቢ እንዳይወጣ ተቀጣባት። እየሳቀ ነው የተቀጣ።»

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩት። እሱም አየኝና «ነጩን ነገር ያነጠፍሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ።

ሞጣ ላይ የዞረው እኔን ስላየ ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ምክንያት ርሳኝ ብዬዋለሁ። ወዲያው ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። አንድ ጋቢ አይቶ ሰዓቱን ከረሳ፣ ያን ደብዳቤ አንብቦ ምን ረስቶ ይሆን?

«በመጨረሻው ቀን ካርታውን የያዘው እሱ ነበር?» አልኩት።

«አናውቅም። ተማሪዎቹ ስድስት ነበሩ፣ እየተፈራረቁ ነው የሚይዙት።»

«ደብዳቤ ደርሶት ነበር? ከቢቸና?»

«ከየት እንደመጣ አላየሁም። በሞተባት ሳምንት ግን ማክሰኞ ማታ አልጋው ላይ ሆኖ ሲጽፍ አይቻለሁ። ወደ ሞጣ የሚላክ ነበር።»

የመጨረሻ ቃሉን ለእሷ ጻፈ። በሕይወቴ የምፈራትን ሴት ደጅ መርገጥ ሊኖርብኝ ነው።

ሳልስቱ ካለፈ በኋላ በገላው መኪና ላይ፣ ከጆንያ መሐል ተቀምጬ፣ ደብረ ወርቅ አድሬ ሞጣ ገባሁ። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ አንዲት ክፍል ቤት አላት። ደብተር እያረመች ነበር። በሩ ላይ ስቆም ቀና አለች።

«አምሳለች ነሽ?» አልኳት። አንቱ ልላት ይገባ ነበር፤ አላልኩም።

«ነኝ። አንቺስ?»

«ሸማኔው ደምለው አባቴ ነው።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «ፈንታዬ» አለች። ስሜን እንደ ቆየ ሕመም ነው የጠራችው። «ግቢ።»

ገብቼ ቆምኩ። «የመጨረሻ ደብዳቤው አንቺ ዘንድ አለ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሲጽፍ ያየ ሰው። ለእናቱ ለምን አላሳየሻቸውም?»

መነጽሯን አወለቀች። «እናቱ አጠገባቸው ያስቀመጡኝ ይህን ደብዳቤ ስላላዩ ነው» አለችኝ። «መለዮውን አንድ ቀን እንኳ ልያዘው ብዬ ነው። አሁን ስደቢኝ።»

ልሰድባት ነበር የመጣሁት። አልወጣልኝም።

«ዓመት ሙሉ ጽፎልኛል» አለች። «ፖስታውን ስቀድ የምፈልገው ስለ እኔ የተጻፈች አንዲት መስመር ነበር። የማገኘው አንቺን ነው። ፈንታዬ እንዲህ ብላ መለሰችልኝ፣ ፈንታዬ ተኮሳትራብኝ ሄደች። የሚነግረው ሰው ስላጣ ለእኔ ይነግረኛል። እኔም ‹እህትህ አምሳለች› እያልኩ መልስ እጽፋለሁ። ተማረች ይሉኛል። ትምህርቴ የጠቀመኝ ይህን ለማንበብ ነው።»

«እኔ ደግሞ የወረቀቱን ውፍረት እያሰብኩ ነው የከሰልኩ» አልኳት።

«በወረቀት ነው የቀናሽብኝ?»

«በወረቀቱ።»

«እኔ በዚያ ጋቢ» አለች። «ያን ቀን ነጠላዬን ሳውለበልብ የዞረው ለእኔ መስሎኝ ነበር። ለምን እንደዞረ በሚቀጥለው ደብዳቤ ነገረኝ።»

እንባዋ ደብተሩ ላይ ወረደ። እንዲያ ጠላት አድርጌ የያዝኳት ሴት ስታለቅስ ሳይ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። ያም ሆኖ አላቀፍኳትም።

«አንብቢልኝ» አልኳት። «ደብዳቤዬ ደርሶት እንደሆነ ልወቅ። በምን ልብ እንደወጣ ልወቅ። ሌላ ካንቺ የምፈልገው የለም።»

ከመጽሐፍ ውስጥ አወጣችው። አንድ ቅጠል ወረቀት ነው፤ የእሱ እጅ የጻፈው። ማንበብ ጀመረች።

«ለእህቴ ለመምህርት አምሳለች። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የፈንታዬ ደብዳቤ ትናንት ደረሰኝ። ጽሕፈቱ የመሪጌታ ነው፣ ቁጣው ግን የእሷው ነው፤ ሰላምታ እንኳ የለውም።»

ለማያነብ ሰው ደብዳቤ ሲነበብለት ዓይኑ ወረቀቱ ላይ አይደለም፣ አንባቢው ፊት ላይ ነው። እዚህ ላይ አፏ ተዘጋ። ዓይኗ ግን አልቆመም። ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ አፏ ተከፈተ።

«ለፋሲካ ፈቃድ ካገኘሁ መጥቼ እናቴ ፊት እቆማለሁ። ወንድምሽ ይግዛው።»

ወረቀቱን አጠፈችው። «ይኸው ነው» አለች። «ደርሶታል። ሊመጣ ነበር። ይህን ይዘሽ ሂጂ፣ ፈንታዬ፤ ይበቃሻል።»

«አልጨረስሽም።»

«አንብቤልሽ የለም እንዴ?»

«ከቁጣው ቀጥሎ ሦስት መስመር አለ። ዓይንሽ ሄዶበታል፣ አፍሽ አብሮት አልሄደም።»

እጇ ወረቀቱን ወደ ደረቷ አስጠጋው። «ይቅርብሽ» አለችኝ። «እባክሽን ይቅርብሽ።»

ለእኔ ብላ ይሁን ለራሷ ብላ አላወቅኩም። እሷም የምታውቅ አልመሰለኝም። አጠገቧ ያለውን በርጩማ ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ፣ ጉልበቷን እስክነካ ድረስ።

«ስሚኝ አምሳለች» አልኳት። «ደብዳቤሽ ገደለኝ ብሎ ከሆነ፣ የኔ ነው፣ እኔ እሸከመዋለሁ። ከፍቶ ሰድቦኝም ከሆነ የመጨረሻ ቃሉ ነውና አትንጠቂኝ። ላንቺ የጻፈው የፍቅር ቃል ከሆነም እዚሁ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ፤ አልነሳም፣ አልጮህም። ዓመት ሙሉ ስለ እኔ አንብበሽ ለእኔ አልነገርሽኝም። ዛሬ ግን ወረቀቱን ዘርጊውና ያን የዘለልሽውን አንብቢልኝ።»

አምሳለች ወረቀቱን ከደረቷ አንስታ ጉልበታችን ላይ ዘረጋችው።